የደነደነ ልብ በሥልጣን ወንበር ላይ

ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ በቡሬ መንገድ የሚጓዝ ሰው 50 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሄደ ደምበጫ ይደርሳል። በዚህች የጎጃም ከተማ፥ ወር በገባ በ12ኛው ቀን፥ በአንድ የቅዱስ ሚካኤል ማኅበር ላይ በእንግድነት ተገኝተን ነበር። ጸሎቱ ደርሶ፥ ዳቦው ተቈርሶ፥ ጽዋው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ከማኅበርተኞቹ አንዱ፥ በሙያው መምህር የሆነ ጎልማሳ፥ በሆላንድ አገር በሄግ ከተማ ስለ ተፈረደው የጎጃም የቀይ ሽብር ጉዳይ ማውራት ጀመረ። እርሱ ነገሩን በሰፊው ሲያብራራ፥ በጥግ በኩል ዝም ብለው ተቀምጠው የነበሩ አንዲት ቆብ የደፉ እማሆይ ቀና አሉና ለማኅበሩ ካህን ይህን ጥያቄ አቀረቡ፤

«አባ፥ እስቲ አንቱ ይንገሩን። እንዲህ ያለውን ሥራ የሚሠራ ሰው ነው? ወይስ ጋኔን ነው የሰው መልክ ለብሶ የመጣብን?»

ቤቱ ጸጥ አለ። ማኅበርተኞቹ ሁሉ ነገሩን ያውቁ ነበርና። እማሆይ በዓለም ሳሉ የወለዱት የበኵር ልጃቸው ለትምህርት ወደ ደብረ ማርቆስ ሄዶ በ1970 ዓ.ም. ታስሮ በዚያው ቀርቷል። ሬሳው አልተገኘም፤ ተዝካሩንም ያወጡት መቃብሩን ሳያውቁ ነው። የልጃቸውን ስም በወረቀት ላይ ያሰፈረው ሰው ማን እንደ ሆነ እስከ ዛሬ የነገራቸው የለም። እማሆይም ቀጥለው እንዲህ አሉ፤ «ጋኔን ከሆነ ተገላገልሁ፤ ጋኔንን ይቅር በይ ብሎ የሚያዝዘኝ የለም። ሰው ከሆነ ግን ዕዳ አለብኝ። አቡነ ዘበሰማያት ስደግም እዚያ ቃል ላይ ስደርስ ምላሴ ይያዛል። እየዘለልሁት ነው የኖርሁት፥ አባ።»

ካህኑ መልሱን ወዲያው አልሰጡም፤ ጽዋውን አስቀምጠው ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። እኛም ጥያቄውን ይዘን ወደ ቤታችን ተመለስን፤ በመጻሕፍትም፥ በሐኪሞች ምርመራም፥ በፍርድ ቤት ውሳኔም ውስጥ መልሱን ስንፈልግ ሰነበትን። ያገኘነውን ለአንባቢዎቻችን እነሆ እናቀርባለን፤ የካህኑንም መልስ በቦታው እናመጣዋለን።

አስቀድመን መምህሩ ያነሣውን ፍርድ ለማያውቁ ጉዳዩን በአጭሩ እንናገር። ደርግ የቀይ ሽብርን ዘመቻ ባካሄደበት ዘመን በጎጃም ክፍለ ሀገር የደርጉ ተጠሪ ሆኖ የተላከው እሸቱ ዓለሙ የሚባል ሰው ነበር። ዕድሜው ያን ጊዜ 24 ዓመት ገደማ ነበር፤ የአንድ ክፍለ ሀገር ሕዝብ ነፍስ ገና ጢሙ በወጉ ላልጠና ጎረምሳ ተሰጠ ማለት ነው። በ1970 ዓ.ም. ክረምት በደብረ ማርቆስ ታስረው ከነበሩት ወጣቶች መካከል 75ቱ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተገደሉ፤ ሬሳቸውም በጅምላ ጉድጓድ ተቀበረ። ደርግ ከወደቀ በኋላ ይህ ሰው በኢትዮጵያ ፍርድ ቤት በሌለበት የሞት ፍርድ ተፈረደበት፤ እርሱ ግን በሆላንድ አገር ዜግነት አግኝቶ ይኖር ነበር። የአገሩ ፖሊስ በ2008 ዓ.ም. ያዘው። ታኅሣሥ 6 ቀን 2010 ዓ.ም. የሄግ ፍርድ ቤት በጦር ወንጀል ጥፋተኛ ነህ ብሎ የዕድሜ ልክ እሥራት ፈረደበት፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም በ2014 ዓ.ም. ፍርዱን አጸናው። በክሱ ውስጥ የተጠቀሱት የግፍ ሰለባዎች 321 ነበሩ። ከሞት የተረፉ የጎጃም ሰዎችም አርባ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው በፊቱ ቆመው የደረሰባቸውን ተናገሩ።

በዚህ ፍርድ ውስጥ ከቁጥሩ ይልቅ ልባችንን የያዘው የተከሳሹ ቃል ነው። በደርግ ዘመን ግፍ መፈጸሙን አልካደም፤ እንዲያውም ስለ ደርግ በደል ተንበርክኮ ይቅርታ ለመጠየቅ ፈቃደኛ መሆኑን ተናገረ። ራሱ ግን በተከሰሰበት ነገር እጄ የለበትም አለ። አንባቢ ሆይ፥ ይህን አስተውል። ይቅርታው የሁሉ ነው፤ ጥፋቱ ግን የማንም አይደለም። ይህን አነጋገር ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ለደምበጫ ሰው የባዕድ ጭካኔ እንግዳ ነገር አይደለም። በ1929 ዓ.ም. በግንቦት ወር በደብረ ሊባኖስ መነኰሳት ላይ የደረሰውን ዕልቂት አያቶቹ ነግረውታል፤ በ1933 ዓ.ም. በየካቲት ወር የኢጣልያ ጦር ከቡሬ ወደ ደብረ ማርቆስ ሲያፈገፍግ በገዛ ከተማው አጠገብ የተደረገውን ውጊያም ሰምቷል። የባዕድ ግፍ ሥጋን ያደማል እንጂ አእምሮን አያስጨንቅም፤ ጠላት ነው፥ ቋንቋችንን አያውቅም፥ ርስታችንን ሊቀማ መጣ ይባልና ነገሩ ይዘጋል። ከዚያ 40 ዓመት ያህል ቆይቶ የመጣው ግን ቋንቋችንን የሚያውቅ፥ ስሙ የእኛ ስም የሆነ፥ እናት በእንጀራና በወተት ያሳደገችው ነው። እማሆይ «ጋኔን ነው ወይ?» ብለው መጠየቃቸው ከዚህ የተነሣ ይመስለናል።

የአእምሮ ሐኪሞችም ይህንኑ ጥያቄ በራሳቸው ቋንቋ መጠየቅ ከጀመሩ 200 ዓመት አልፏል። የፈረንሳዩ ሐኪም ፊሊፕ ፒኔል በ19ኛው መቶ ዓመት መባቻ ላይ፥ አነጋገራቸው ሳይዘበራረቅና ማስተዋላቸው ሳይጐድል ሥራቸው ግን የዕብድ ሥራ የሆነ ሰዎችን መርምሮ ጽፏል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1941 ዓ.ም. ደግሞ አሜሪካዊው ሐኪም ሄርቪ ክሌክሊ «የጤነኛነት ጭምብል» የሚል ስም የሰጠውን መጽሐፍ አሳተመ፤ ጤና የሚመስለው ፊት ጭምብል ነው፥ ከበስተ ኋላው የሚጐድል ነገር አለ ማለቱ ነው። ይህን ሁኔታ ሐኪሞቹ ሳይኮፓቲ ይሉታል፤ እኛ የኅሊና ድንዛዜ ብንለው ከትርጉሙ ብዙ አንርቅም። የካናዳው ሊቅ ሮበርት ሄር ከዚያ በኋላ 20 ነጥቦች ያሉት መመርመሪያ አዘጋጀ። ለስላሳ አንደበት፥ ራስን ከልክ በላይ ማግነን፥ ያለ ኀፍረት መዋሸት፥ ሰውን እንደ ዕቃ መጠቀም፥ አለመራራት፥ አለመጸጸት፥ ለሠሩት ሥራ ኀላፊነትን አለመቀበል ከነጥቦቹ ውስጥ ይገኛሉ። ለእያንዳንዱ ነጥብ እስከ 2 ይሰጣል፤ ድምሩም ከ40 ነው። 30ና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው ሁኔታው አለበት ይባላል።

ስለዚህ ሰው ሊታወቅ የሚገባው ዕብድ አለመሆኑ ነው። መግደል ኃጢአት ነውን ብለው ቢጠይቁት አዎን ኃጢአት ነው ብሎ ይመልሳል፤ ጥቅስም ይጠቅሳል። ነገር ግን ስለ ጾም በቃሉ ተምሮ ረሃብን ቀምሶ እንደማያውቅ ሰው ነው። የሌላው ሰው ጩኸት ወደ ጆሮው ይገባል፥ ወደ ልቡ ግን አይወርድም። በሄር ግምት በሕዝብ መካከል ከ100 ሰው 1 ያህል እንዲህ ነው፤ ከእነርሱም አብዛኞቹ ሰው ሳይገድሉ፥ ሲያታልሉና ሲያሳዝኑ ዕድሜያቸውን ይጨርሳሉ።

ይህን ያነበበ ሰው በልቡ ስም መጥራት ሳይጀምር አይቀርም። እባክህ ቆይ እንለዋለን። በአሜሪካ አገር እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1964 ዓ.ም. ባሪ ጎልድዋተር የሚባል ሰው ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደር አንድ መጽሔት ከ12 ሺህ ለሚበልጡ የአእምሮ ሐኪሞች ደብዳቤ ላከና ይህ ሰው ለሥልጣኑ የሚበቃ አእምሮ አለውን ሲል ጠየቃቸው። ሰውዬውን በዓይናቸው አይተውት የማያውቁ ከ1,100 በላይ ሐኪሞች አይበቃም ሲሉ መለሱ። ጎልድዋተር መጽሔቱን ከስሶ ረታ፤ የሐኪሞቹም ማኅበር በ1973 ዓ.ም. አንድ ሐኪም ራሱ ያልመረመረውን የአደባባይ ሰው ሕመም መሰየም ነውር መሆኑን ደነገገ። ሐኪሞቹ ያፈሩበትን እኛ ጸሐፊዎች ልንደፍረው አይገባም። ሚያዝያ 9 ቀን 1969 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አደባባይ በቀይ ፈሳሽ የተሞሉ ጠርሙሶችን በሕዝብ ፊት የሰበረው ሊቀ መንበር መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ኅሊናው ምን ይመስል እንደ ነበር እኛ አናውቅም። ሥራው ግን የታወቀ ነው፤ በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፍርድ ቤት በሌለበት የዘር ማጥፋት ወንጀለኛ ነው ብሎታል።

ሌላም ምክንያት አለን፤ ይኸኛው ይበልጣል። ያ ሰው በተፈጥሮው የተበላሸ ነበረ ብለን ብንዘጋው የቀረነው ሁሉ ነጻ እንወጣለን። ነገሩ ግን በቁጥር አይስማማም። አንድ ሰው ብቻውን 75 ሰው አይገድልም። ዝርዝሩን የሚጽፍ ጸሐፊ፥ በሩን የሚከፍት ቁልፍ ያዥ፥ እስረኛውን የሚያስር፥ የሚጠብቅ፥ ጉድጓዱን የሚቈፍር፥ መኪናውን የሚነዳ ያስፈልጋል። ቀድሞም «እገሌ እንዲህ ሲል ሰምቻለሁ» ብሎ ያጋለጠ ጐረቤት አለ። በደርግ ዘመን ስለ ተፈጸመው ግፍ የልዩ ዐቃቤ ሕግ መሥሪያ ቤት ክስ ያቀረበባቸው ሰዎች 5,198 ነበሩ። እነዚህ ሁሉ ርኅራኄ ሳይሰጣቸው የተወለዱ ናቸውን? ብዙዎቹ ወደ ቤታቸው ሲገቡ ልጆቻቸውን የሚስሙ፥ የታመመ የሚጠይቁ፥ ለዕድር የሚያዋጡ ሰዎች ነበሩ።

እንግዲህ ርኅሩኁ ሰው በምን መንገድ ወደዚያ ሥራ ገባ? አንዱ መንገድ በአፋችን ያለው ቃል ነው። በዚያ ዘመን ይነገር የነበረውን «እርምጃ ተወሰደበት» የሚለውን አነጋገር እስቲ እንመርምረው። ማን ወሰደ? ቃሉ አይናገርም። ምን ወሰደ? ነፍስ ነው የወሰደው፥ ቃሉ ግን እርምጃ ይላል፤ እርምጃ ማለት እግር የሚያደርገው ነገር ነው። «ነጻ እርምጃ» የተባለው ደግሞ ከዚህ ይብሳል። በዚያ ቃል ውስጥ ነጻ የሆነው ማን ነው? ሟቹ አይደለም። ገዳዩ ከዳኛ፥ ከምስክር፥ ከመጠየቅ ነጻ ሆነ ማለት ነው። ሰውም በስሙና በአባቱ ስም መጠራቱ ቀርቶ «አናርኪስት» ተባለ፤ እንዲህ ከተባለ በኋላ የእገሊት ልጅ፥ የእገሌ ወንድም፥ የእገሌ የክርስትና ልጅ መሆኑ ተረሳ። እናት በልጅዋ ሬሳ ላይ እንዳታለቅስ ተከለከለች፤ ሬሳ ለመውሰድ የጥይት ዋጋ የተጠየቁ ቤተሰቦችም ነበሩ። በጐረቤታችን በጎንደር ክፍለ ሀገር እናቶች ለፈጣሪ ብቻ የሚገባውን ልመና በእንጉርጉሮ ለክፍለ ሀገሩ ሹም ለመላኩ ተፈራ እስከ ማቅረብ ደረሱ።

አማርኛችን አድራጊውን ለመሰወር የተመቸ ቋንቋ ነው፤ ይህን ስንል ራሳችንን ሳንጨምር አይደለም። በቤታችን ውስጥ «ብርጭቆው ተሰበረ» እንላለን እንጂ «ሰበርሁት» ለማለት እንቸገራለን። የሄግ ተከሳሽ ስለ ደርግ በደል ይቅርታ ለመጠየቅ ፈቅዶ «እኔ» ለማለት ያልፈቀደው በዚሁ ሰዋስው ነው። በፍርዱ ውስጥ ግን ፊርማውን የያዙ ወረቀቶች ለማስረጃ ቀርበው ነበር። ፊርማ «ተፈረመ» ተብሎ አይታለፍም፤ የአንድ ሰው እጅ ነው።

ሁለተኛው መንገድ መታዘዝ ነው። በአሜሪካ በየል ዩኒቨርሲቲ ስታንሊ ሚልግራም የሚባል ሊቅ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1961 ዓ.ም. የጀመረው ምርመራ በዚህ ጉዳይ የታወቀ ነው። 40 ተራ ሰዎች ተጠርተው፥ በሌላ ክፍል ያለ ሰው ለጥያቄ ስሕተት በመለሰ ቁጥር በኤሌክትሪክ እንዲነዝሩት፥ ኀይሉንም ደረጃ በደረጃ እንዲጨምሩ ታዘዙ። ኤሌክትሪኩ እውነተኛ አልነበረም፤ እነርሱ ግን ይህን አያውቁም። ከ40ዎቹ 26ቱ እስከ መጨረሻው 450 ቮልት ድረስ ሄዱ። ብዙዎቹ እያላባቸው፥ እየተንቀጠቀጡ፥ ይቅርብን እያሉ ነው ያደረጉት። ኅሊና ነበራቸው፤ ኅሊናቸው ይጮኽ ነበር፤ እጃቸው ግን ታዘዘ። በዚያው ዓመት በኢየሩሳሌም የተፈረደበትን የናዚ ሹም አዶልፍ አይክማንን የመረመሩት የአእምሮ ሐኪሞችም ጤነኛ ሰው ሆኖ አግኝተውታል። ይህን የጻፈችው ሐና አረንት ሰውዬው ከክፋት ይልቅ የማሰብ ጉድለት ነበረበት ብላለች፤ በኋላ የወጡት የገዛ ቃሎቹ ግን በጥላቻው የሚኮራ እንደ ነበረ አሳይተዋል። እኛ ከዚህ የምንረዳው ጤነኛም ሆኖ ፈቅዶ ክፉ መሆን እንደሚቻል ነው።

ሦስተኛውን መንገድ ለማግኘት ወደ ኦሪት ዘፀአት እንሂድ። ስለ ፈርዖን ልብ መደንደን የሚናገረውን ታሪክ ቀስ ብሎ ያነበበ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። በመጀመሪያዎቹ መቅሠፍቶች ጊዜ መጽሐፉ የፈርዖን ልብ ደነደነ፥ ፈርዖንም ልቡን አደነደነ ይላል። እግዚአብሔር የፈርዖንን ልብ አጸና ብሎ ስለ ተፈጸመ ነገር የሚናገረው በስድስተኛው መቅሠፍት፥ ሻህኝ የሚያወጣ ቍስል በወረደ ጊዜ ነው። እንግዲህ ፈርዖን ደንዳና ሆኖ አልተፈጠረም። ጓጕንቸር መጣ፥ ተጨነቀ፥ ለመነ፤ ጓጕንቸሩ ሲሄድለት ረሳ። በሚቀጥለው ጊዜ መርሳቱ ይቀልለው ጀመር። ብዙ ጊዜ ልቡን ዘግቶ በመጨረሻ ሊከፍተው ቢወድ እንኳ የማይከፈት ሆነ።

በለንደን ያሉ ሊቃውንት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2016 ዓ.ም. ያወጡት ምርመራ ከዚህ ጋር መመሳሰሉ አስደንቆናል። ሰዎች ለጥቅማቸው ሲዋሹ በአንጎላቸው ውስጥ ያለውን፥ ፍርሃትንና ስሜትን የሚቀሰቅሰውን ክፍል በመሣሪያ ተመለከቱት። በመጀመሪያው ውሸት ያ ክፍል በብርቱ ይነቃል፤ ውሸቱ በተደጋገመ ቁጥር መንቃቱ እየደከመ ይሄዳል፤ ውሸቱም በዚያው መጠን እየተለቀ ይመጣል። ከ100 አንዱ ሲወለድ የጐደለውን፥ 99ኙ በልምምድ ሊያጐድሉት ይችላሉ ማለት ነው።

ታዲያ ሥልጣን በዚህ ላይ ምን ይጨምራል? የማንኛችንም ክፋት ብዙ ጊዜ የሚገታው በጽድቃችን ሳይሆን በሚቃወመን ሰው ነው። ሚስት ትቈጣለች፥ ጐረቤት ይታዘባል፥ የንስሐ አባት ይገሥጻል፥ ዳኛ ይጠራል። ሥልጣን ልጓም ካልተደረገለት እነዚህን ሁሉ አንድ በአንድ ያስወግዳቸዋል። ንጉሥ ዳዊት የኦርዮን ሚስት ወስዶ ባልየውን በጦር ሜዳ ያስገደለው በሥልጣኑ ነው፤ ትእዛዙንም በደብዳቤ ጽፎ በሟቹ በኦርዮ እጅ ነበር የላከው። ከዚህ የበለጠ የኅሊና ድንዛዜ ከየት ይመጣል? ነገር ግን በዳዊት ዘመን ወደ ንጉሡ እልፍኝ ገብቶ ያ ሰው አንተ ነህ የሚል ናታን ነበረ። ዳዊትም አላስገደለውም፤ አለቀሰ እንጂ። ሄሮድስ ግን ዮሐንስን ወኅኒ አገባው፥ ራሱንም በወጭት አስመጣ።

በእኛም ዘመን የሆነው የሄሮድስ ነው። ከደምበጫ ብዙ በማይርቀው በደብረ ኤልያስ የተወለዱት ሁለተኛው ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ወርደው ታሠሩ፤ ከክሳቸው አንዱ መንግሥት ሳይፈቅድ ጳጳሳትን ሾሙ የሚል ነበር። በ1971 ዓ.ም. ያለ ፍርድ ተገደሉ። ዐፅማቸው የተገኘው በ1984 ዓ.ም. ነው። ይህ ሲሆን ሁላችን ናታን ነበርን ለማለት አንደፍርም፤ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥም ዝም ያለ ብዙ ነበር፥ ከዝምታም ያለፈ ነበር። ኦሪት ዘዳግም ንጉሥ በወንድሞቹ ላይ ልቡ እንዳይታበይ ሕጉን ለራሱ ጽፎ ዕለት ዕለት እንዲያነብ ያዝዛል። ያ ዘመን ያሳየን ሹም ግን በሕጉ ፈንታ የሰዎችን ስም ዝርዝር ይጽፍ ነበር።

ይህን መጽሔት በየቤታቸው ለሚያነቡ አባቶችና እናቶች አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አንወድም፤ ምናልባትም ቅር የሚላቸው ይኖራሉ። ሰው የመጀመሪያውን ሥልጣን የሚያየው በቤተ መንግሥት አይደለም፤ በማድ ቤት ነው። ከገጠር የመጣች፥ ዕድሜዋ 14 ወይም 15 የሆነ፥ ወር በገባ በትንሽ ደመወዝ የምታገለግል ልጅ በብዙዎቻችን ቤት አለች። የቤቱ ልጅ የሰባት ዓመት ሕፃን ሳለ «አንቺ!» ብሎ ይጠራታል። ስሟን ያውቀዋል፥ አይጠራውም። ውሃ ሲደፋ እርስዋ ትመታለች። እርስዋ ስታለቅስ እርሱ ዞሮ የአባቱን ፊት ያያል፤ አባቱ ከሳቀ ወይም ዝም ካለ በዚያች ደቂቃ አንድ ታላቅ ትምህርት ተማረ። ማንም የማይጠይቅላት ሰው በዓለም ላይ መኖርዋን ዐወቀ። የደምበጫው መምህር በዚያ ማኅበር ላይ ይህን ሰምቶ «ደርግስ ከወታደር ቤት ነው የመጣው» ሲል ተከራከረን፤ እኛም ወታደሩ ከማን ቤት መጣ ብለን መለስንለት።

እንስሳን የሚያሠቃይ፥ ሲዋሽ የማያፍር ልጅ ያየ ወላጅ ደግሞ ልጄ ክፉ ፍጥረት ነው ብሎ ስም እንዳያወጣለት እንለምናለን። የሕፃናትን ጠባይ የሚመረምሩ ሐኪሞች እንደሚሉት ሳይራራ የሚያድግ ልጅ በዱላ ብቻ አይመለስም፤ ቅጣት ብዙም አይሰማውም፤ የወላጅ ፍቅርና ዘወትር የማይለዋወጥ ሥርዐት ግን ሊያለሰልሰው ይችላል። ሐኪም ዘንድ መውሰድም ነውር የለበትም። ከጸበሉ ጋር አይጣላም።

አሁን ወደ ደምበጫው ማኅበር እንመለስ። ካህኑ ብዙ ዝም ካሉ በኋላ እንዲህ ሲሉ መለሱ፤ «ሰው ነው፥ እማሆይ። ጋኔን ነው ያልን እንደ ሆነ ከሳሽም ዳኛም አያሻውም፤ ጋኔንን የሚያስር ወኅኒ የለም። ሰው ስለ ሆነ ነው በዳኛ ፊት የሚቆመው፤ ሰው ስለ ሆነ ነው ሌላ ሥራ ሊሠራ ይችል የነበረው። ጋኔን ያሳተው ሰው ነው ቢሉኝ እሺ እላለሁ፤ አዳምም ተሳተ፥ ግን እርሱ ነው ወዴት ነህ ተብሎ የተጠየቀው።»

እማሆይ አንገታቸውን ደፉ። ካህኑ ግን አልጨረሱም ነበር። «ይቅርታ ማለት ፍርድ ይቅር ማለት አይደለም፤ ዳኛው የዳኛውን ይሥራ። አልበደለኝም በሉ የሚልዎም የለም። ያን ቃል ዛሬ መላውን ለማለት ባይሆንልዎ፥ እየዘለሉም ቢሆን ጸሎቱን አይተዉ። የዘለሉትን እርሱ ያውቀዋል» አሉ።

ጽዋው ዞሮ እማሆይ እጅ ገብቶ ነበር። ሳይቀምሱት ጥቂት ያዙት።

«ለሰው ለመጸለይ ስመ ክርስትና ያሻል» አሉ በመጨረሻ። «የልጄን አውቃለሁ። የዚያን የጻፈውን ሰው ስመ ክርስትና ማን ይነግረኛል?»

ካህኑ ወደ መምህሩ ተመለከቱ፤ መምህሩም ወደ እኛ። ከመካከላችን የሚያውቅ አልነበረም።